ለድብ የሚሆን ጥይት

ልጄ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከበድ ያለ ወሬ ይዛብኝ እንደምትመጣ አውቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ፍቅረኛ ይዣለሁ ብትል የምመልስላትን አውቃለሁ። ትምህርቴን ላቋርጥ ነው ብትል የማለቅሰውን ልቅሶ ሳይቀር አጥንቼዋለሁ። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ ሰፈር ባለው ቤታችን እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ «ማማን፣ ለድብ የትኛው ጥይት ነው የሚሻለው?» አለችኝ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ለምን አልሽ?»

«ለድብ። ኡርስ። ቡኒው፣ ትልቁ።»

ልጄ የምታጠናው የበረዶ ተራራ ነው። እኛ አገር ስንት ዝናብ እንደዘነበ የሚለካ ሰው አለ፤ እዚህ ደግሞ ስንት በረዶ እንደቀለጠ እየለኩ የሚያዝኑ አሉ፤ የኔዋ ከነሱ አንዷ ሆናለች። ያን ዓመት ክረምቱን፣ ማለቴ የፈረንጆቹን በጋ፣ አላስካ ሄዳ ድንኳን ውስጥ ልታሳልፍ ተመርጣለች። ለሦስት ወር። ከተማ የለም፣ መንገድ የለም፣ ድብ ግን እንደልብ ነው። ከጉዞው አዘጋጆች የመጣው ወረቀት ሰው ለሽንት ሲወጣ እንኳ ብቻውን እንዳይሄድ ይመክራል። ከአንዲት መምህርነቷን ትታ የሽማግሌ ጠባቂ ከሆነች እናት ጋር በትራም እየተመላለሰች ያደገች ልጅ የምትመኘው ይህን ኖሯል።

ደግነቱ መከላከያ ይሰጣሉ። መጀመሪያ የሚሰጠው በጣሳ የታሸገ፣ የሚረጭ በርበሬ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተጽናናሁ፤ በበርበሬ የሚመጣብንን እኛም እናውቃለን። «በርበሬው ካቃተው ብቻ ነው ሽጉጥ» አለችኝ። ሽጉጥ የሚሰጠው ደግሞ ሥልጠና ለወሰደ ሰው ነው። የውጭ ዜጋ ከሆነ የአደን ፈቃድ ማውጣት አለበት ተባለ፣ ሕጉ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ሥጋ የማትቀምስ፣ ዝንብ በመስኮት በክብር የምትሸኝ፣ ቄሳችን «ዓመቱን ሙሉ ጿሚ» እያሉ ለሌሎች ልጆች ምሳሌ የሚያደርጓት ልጄ በዚህ መንገድ ባለፈቃድ አዳኝ ሆነች። የቀረው አንድ ነገር ነው። ቅጹ ላይ «የሚይዙት የጥይት ዓይነት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ተሞልቶ መላክ አለበት፤ የጉዞው ኃላፊ አላስካ ካለች አንዲት ሩቅ ከተማ ገዝቶ በአውሮፕላን የሚያስገባው አስቀድሞ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቅ የለም።

«አስተማሪሽን ጠይቂ» አልኳት።

«አይ፣ ጋሼን ነው የምጠይቀው። እሱ ሻለቃ ነው አይደል?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ የሚኖረው ዙሪክ፣ አፎልተርን የሚባል ሰፈር ነው። ዙሪክ ያሉ የኛ ሰዎች «ሻለቃ» ይሉታል። ከአዲስ አበባ ሲወጣ አስር አለቃ ነበር። ዙሪክ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ማን እንደሾመው አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ መቶ አለቃ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲቀጠር ሻምበል፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሻለቃ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ እንዲህ በፍጥነት የሚያሳድግ ጦር ያለው ስዊዘርላንድ ብቻ ነው።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ በልጅነቱ ኩፍኝ ካመመው ወዲህ ቀኝ ዓይኑ ደካማ ነው። ሲቀጠር ይህን አይተው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ጸሐፊ አደረጉት። የጥይት ሳጥን ሲገባ ይፈርማል፣ ሲወጣ ይፈርማል። ተማሪ ሆኜ ምሳውን አደርስለት ነበርና አውቃለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የያዘው መሣሪያ እስክሪብቶ ነው። ውሸታም ግን አይደለም። ተኮስኩ ብሎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሰዎቹ ሻለቃ ሲሉት ዝም ብሎ «አቤት» ይላል፣ ያ ብቻ ነው። አንዴ ወጣቶቹ ዒላማ ተኩስ እንሂድ ብለው ሲጨቀጭቁት፣ «ሽጉጥ ላወጣ ስል፣ ይህ ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል የሚል ደብዳቤ ካገርህ መንግሥት አምጣ አሉኝ። ከመንግሥት ሸሽቼ መጥቼ!» አለና ሁሉም ሳቁ። ሕጉ ለአዲስ ገቢ ሰው እውነት ነው። ጋሼ ግን በዚያን ጊዜ የስዊዝ ፓስፖርቱን ካወጣ ዓመታት አልፈዋል።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ይሉኝታ ነዋ። እንዲህ ያለውን ነገር ለስዊዞች ላስረዳ ሞክሬ አውቃለሁ፤ «ጨዋነት ማለት ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ጨዋነት ሰው ሲያይሽ ነው፤ ይሉኝታ ብቻሽን ሆነሽም አፍሽን ይይዝሻል።

ደግሞ ጋሼ ለኔ ማን እንደሆነ ልናገር። በዘጠና ሰባት ምርጫ ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ሆኜ ተቀመጥኩ። ያየሁትን ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ በበኩሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲፈልጉኝ የሦስት ዓመት ልጄን አዝዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ያስወጣን ጋሼ ነው። ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ላይ ሁለት ካፖርት ይዞ ጠበቀን፤ የልጅቷ እጅጌ እስከ መሬት ነበር። ከዚያ ባለሥልጣኖቹ ወንድም ቤተሰብ አይደለም ብለው እሱ ዙሪክ እያለ እኔን ጄኔቭ መደቡኝ። ሸኝቶኝ ባቡር ውስጥ ስገባ አጠገቤ ሦስት ወጣት ወታደሮች ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ሳንድዊች ይበላሉ። ለኔ የመጡ መስሎኝ ልጄን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ። ጋሼ ባቡሩ አጠገብ አቅፎኝ፣ «አይዞሽ፣ እነዚህ ልብሳቸውን ሊያሳጥቡ ወደ እናታቸው እየሄዱ ነው» አለኝ። ተመልሶ አብሮኝ ገባ፤ እስከ ጄኔቭ ድረስ በኔና በጠመንጃዎቹ መሃል ተቀምጦ ሄደ።

እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ ነው ውሸት ነው የምለው?

በሳምንቱ ልጄና እኔ ዙሪክ ሄድን። ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ የኛ ሰዎች የሚሰበሰቡባት ምግብ ቤት አለች። የድብ ጉባኤው የተካሄደው እዚያ ነው። አንድ ታክሲ ነጂ፣ ምግብ ቤቷን የምታስተዳድረው ሴትዮ፣ ጋሼ፣ እና እኛ። ከመሃላችን ድብ ያየ ሰው የለም። ታክሲ ነጂው ግን ድብ ማለት የወፈረ ጅብ ነው፤ ስለዚህ ጠረኑን ሲሰማ ይሸሻል ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። የማን ጠረን እንደሆነ አልነገረንም። ሴትዮዋ እሳት ካነደዱ ምንም አይመጣም አለች። በረዶ ላይ በምን ይነደዳል ብዬ ስጠይቃት አጉል ጠያቂ ሆንኩባት።

በመጨረሻ ታክሲ ነጂው፣ «ዝም በሉ እስቲ፣ ባለሙያው ይናገሩ። ሻለቃ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ።

ጋሼ አፉን በናፕኪን ጠረገ። ዓይኑ ልጄ ላይ አረፈ፤ ልጄ ደብተሯን ከፍታ እስክሪብቶዋን ይዛለች። አየሁት፤ አላውቅም ሊል ነበር፣ እምላለሁ። ግን ደብተሩ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያያል።

«ጫፉ የተቦረቦረው ነው» አለ። «ሲገባ ይከፈታል። ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ጥይት ነው የሚጥለው።»

«ጫፉ፣ የተቦረቦረ» እያለች ጻፈች። ታክሲ ነጂው ጠረጴዛውን መታ፤ «አላልኳችሁም!» አለ፣ ስለ ጥይት ምንም ሳይል ቆይቶ።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ጄኔቭ አጠገብ ወዳለ የተኩስ ክበብ ለሥልጠና ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። አሠልጣኟ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ስዊዝ ሽማግሌ ናቸው፤ የሱፍ ሹራባቸው ክርን ላይ ተጥፏል። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ቦርሳዬን አቀፍኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም በጆሮ መከላከያው ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩላት፤ በዘጠና ሰባት የሰማሁትን ድምፅ ልጄ ራሷ ስታሰማው ፈገግ የምል ሴት ሆኛለሁ።

ሲጨርሱ ሽማግሌው ሁለት ጥይት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩን። አንደኛው ጫፉ የተቦረቦረ ነው። «ይህ ለሰው የተሠራ ነው» አሉ፣ የጫማ ቁጥር እንደሚናገር ሰው በረጋ ድምፅ። «ይከፈትና ቶሎ ይቆማል። ድብ ላይ ግን ከስቡና ከጡንቻው ሳያልፍ ሊቆም ይችላል። ድቡ ይናደዳል እንጂ አይቆምም።» ሁለተኛው ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ድፍን፣ ጠንካራ እርሳስ ነው፤ ከበድ ይላል። «ይህ አይከፈትም። አጥንት ቢያገኝ እንኳ ሰብሮ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ ይመታል፤ ስለዚህ በሱ ነው መለማመድ ያለብሽ።»

ልጄ በትሕትና «ሜርሲ» አለች። ደብተሯን አላወጣችም።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «ታዲያ ምን ልትጽፊ ነው?» አልኳት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ማማን» አለች፣ «ጋሼ እውነት ሻለቃ ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ልጄን ድብ እንዳይበላት አንድ ቃል። አውቶቡሱ ውስጥ የኛን ቋንቋ የሚሰማ ሰው የለም፣ ጋሼም ሦስት ሰዓት በባቡር ርቆ ነው ያለው።

«አዎ» አልኩ። «ነው።»

«ዳኮር» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ወሬው በዚያው አለቀ።

ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ በዘዴ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ዘዴዬን ስሙልኝ። ለጋሼ ደወልኩና፣ «አንድ ሽማግሌ ስዊዝ ድፍኑ ይሻላል አሉ፤ መቼም አንተ ታውቃለህ» አልኩት። «ስዊዞች ሁለት መቶ ዓመት አልተዋጉም» አለኝ። በሌላ ቀን ደወልኩና ሕልም አየሁ አልኩት፤ ድብ አየሁ፣ ጥይቱ ሲነካው ሳቀ አልኩ። «ጸበል ተጠመቂ» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ። ሌሊት ሌሊት ድቡ ይመጣብኛል፤ ሁልጊዜ የጋሼን ኮት ለብሶ ነበር።

ቅጹ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ጋሼ አፎልተርን ቤቱ የስንብት ምሳ ደገሰላት። ላንግሽትራሰ ሁሉ መጥቷል። ጋሼ ራሱ ሽሮ ሠርቷል፣ ለሷ ብሎ ቅቤ ያልነካው፤ እኛ ደግሞ ዶሮ አለን። ሰው በልቶ ጠገበ። ምርቃት ሊጀመር ሲል ታክሲ ነጂው፣ «ሻለቃ፣ አያያዙን ደግሞ ያሳዩአት እንጂ!» አለ። ጋሼ እምቢ አለ። ለመኑት። ከጠረጴዛው ላይ የእንጨት ማንኪያ አንስቶ ክንዱን ዘረጋ፤ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ደህነኛውን። በዚያ በማያይበት ቀኝ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት አነጣጥሮ፣ «እንዲህ ነው» አላት። «የተቦረቦረውን ጥይት፣ እንዲህ።»

«ጋሼ ተኩሶ አያውቅም!»

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። የግምጃ ቤቱን ተናገርኩ፣ ፊርማውን ተናገርኩ፣ ዓይኑን ተናገርኩ። ኩፍኙን ሳይቀር። የሸሸሁትን የአገሬን መንግሥት እንኳ እንዲህ አላጋለጥኩም። ስጨርስ የሚሰማው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፣ ጋሼ ሳይመታው የቀረው፣ ብቻ ነበር።

ጋሼ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ፣ «የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ። የስዊዙን ሰውዬ ስሚ» አላት።

ልጄ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ማማን» አለች፣ በዚያ ፈረንሳይኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ፣ «ድፍኑን ነው የጻፍኩት። በተኩሱ ቀን ማታ ዴጃ፣ ያኔውኑ፣ ላኩት። ጋሼ እንዳይከፋው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺም... አንቺም እንዳይከፋሽ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ የተወለዱና ያደጉ ልጆች ይሉኝታ የላቸውም እያልኩ ሳማርር ኖሬያለሁ። ለካ የኔዋ እስከ አንገቷ ተሞልታለች። እኔ ግን ያለኝን ሁሉ ጠብቄ ጠብቄ፣ ልክ በማያስፈልግበት ቀን ጣልኩት። ባቡር ውስጥ አለቀስኩ። ወታደሮች ነበሩ፤ ጠመንጃቸውን ይዘው ተኝተዋል። በኔና በነሱ መሃል የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ልጄ ሄደች። በዚያ በጋ ላንግሽትራሰ ውስጥ ማዕረግ ወረደ፤ ሻለቃው «አባባ» ሆነ ሲሉኝ ሰማሁ። ጋሼ ግን እዚያ መሄድ ትቶ ነበር። እኔ ስደውል ያነሳል፣ «ድቧ እንዴት ናት?» ይላል፣ ደህና ናት እላለሁ፣ ይዘጋል። ይቅርታ ልጠይቀው በየቀኑ አስባለሁ፤ በየቀኑ ስለ አየሩ አወራለሁ።

መስከረም ላይ ልጄ ጠቁራ፣ ቀጥና፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ መጣች። ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ አፎልተርን ሄዳ ጋሼን በግድ ጎትታ ላንግሽትራሰ አመጣችው። እኔም ከጄኔቭ ሄድኩ። ሲገባ ሰዉ ተነስቶ ተቀበለው፤ ግን ወሬው ደረቀ፣ ምን ብለው እንደሚጠሩት አላወቁም። ታክሲ ነጂው እንደምንም ብሎ ስለ ድቡ ጠየቃት።

አንድ ጊዜ አይታለች። ከወንዝ ማዶ፣ በሩቅ መመልከቻ መነጽር። ሣር ሲበላ።

«ሣር?» አለ ታክሲ ነጂው፣ እንደተታለለ ሰው።

«ሣር። ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ለሣር በል እንስሳ ብዬ ነው ያን ያህል የጮህኩት። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን የሻለቃነት ድምፁን አወጣው፣ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ።

«ስንት ጥይት ተኮስሽ?»

ልጄ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። «አንድም» አለች።

«ጎበዝ!» አላትና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «እኔም።»